ከሰባት ደብተር ወደ 256 ገጽ

መስከረም 22 ቀን 2016

ልብ ወለዱ ተጽፎ አልቋል። ጡረታ ከወጣሁበት ከ2013 ጀምሮ በሰባት ባለ መቶ ገጽ ደብተሮች ላይ በእጄ ጽፌው አልጋዬ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ከዛሬ የሚጀምረው ሥራ ደብተሩን መጽሐፍ ማድረግ ነው። ይህ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈጅ ስለማላውቅ፣ የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም በየቀኑ ባይሆን እንኳ በየደረጃው እመዘግባለሁ፤ 34 ዓመት ገቢና ወጪ ደብዳቤ በመዝገብ ሳሰፍር ኖሬ ዛሬ ሳልመዘግብ መሥራት አይሆንልኝም።

ዕድሜዬ 63 ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ1979 በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጀምሬ በኮምፒውተር ጨርሻለሁ። በጽሕፈት መኪናው ላይ ብዙው ፊደል በአንድ ምት አይወጣም ነበር፤ መጀመሪያ አካሉን መትተን፣ ከዚያ እግሩን ወይም ክንዱን በሌላ ምት እንቀጥልለታለን። ከዚያ ዘመን የቀረልኝ ሳያዩ የመጻፍ ችሎታና የቀኝ ትከሻ ሕመም ነው።

ታሪኩ በ1965 እና በ1966 በመርሳ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ይካሄዳል። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሻይ ቤቷም የእናቴ ነበረች። በልብ ወለዱ ውስጥ እናትየዋ ሌላ ስም፣ ልጅቷም ሌላ ጠባይ አላቸው፤ መንገዱ ግን ያው ነው፣ በመንገዱ የመጡትም ሰዎች ያው ናቸው።

ኅዳር 9 ቀን 2016

የመጀመሪያዎቹን 40 ገጾች እንደገና መጻፍ አያስፈልገኝም ብዬ ነበር። በ1994 ግድም፣ በምሳ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጽፌያቸው በሲዲ አስቀምጫቸዋለሁ። የልጅ ልጄ ሲዲ የሚያነብ መሣሪያ ከጎረቤት ተውሳ ስትከፍተው በፊታችን የተደረደረው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የቅንፍ ክምር ሆነ። «እማማ፣ ይሄን በምን ቋንቋ ነው የጻፍሽው?» አለችኝ።

የዚያ ዘመን የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቁጥር ላይ ደርበው ነበር የሚያሠሩት፤ መጻፊያው በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ድርቡ ይገፈፍና ከሥር ያለው ላቲን ብቻ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ የእኛ መሥሪያ ቤት ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአሮጌው ይሠራ ነበር። መለወጫ ፕሮግራም አግኝተን ሞከርንና ፊደል እየዘለለም ቢሆን የሚነበብ ነገር ወጣልን።

ባይነበብ ይሻል ነበር። በ41 ዓመቴ የጻፍኳት እናት ቅድስት ናት፤ አትቆጣም፣ አትደክምም፣ የሻይ ዕዳ ያለበትን ሹፌር እንኳ «ግድ የለም» ብላ ትሸኛለች። በደብተሩ ላይ ያለችው፣ ከ60 ዓመቴ በኋላ የጻፍኳት እናት ግን ስኳሩን ቆጥራ ትቆልፋለች፣ ሌሊት ብቻዋን ትሳደባለች። እናቴ በ1965 የ31 ዓመት ሴት ነበረች፤ ዛሬ ሳስባት ከልጄ ታንሳለች። በ41 ዓመቴ እንደ ልጅ አንጋጥጬ ነበር ያየኋት፤ አሁን እንደ ታናሽ እህት ላያት ችያለሁ። 40ውን ገጽ ጣልኩትና ከደብተሩ መገልበጥ ጀመርኩ።

ጥር 17 ቀን 2016

ገልብጬ የጨረስኩት በታኅሣሥ መጨረሻ ነበር። አርታኢ አፈላልጌ አንድ ወጣት አገኘሁ፤ ዕድሜው 29 ነው፣ ክፍያውን በሦስት ጊዜ እንድከፍለው ተስማማን። ዛሬ የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች በቀይ እስክሪብቶ ሞልቶ መለሰልኝ። እዚህ ላይ አንዱን ቃል በቃል ላስፍረው። እናትየዋ ወደ ገበያ ልትሄድ ስትል ለልጇ እንዲህ ትላታለች፦

«ልጄ ሆይ፣ የጀበናውን አያያዝ አስመልክቶ ቀደም ሲል በነገርኩሽ መሠረት አስፈላጊውን ጥንቃቄ ሁሉ እንድታደርጊ አሳስብሻለሁ።»

ልጁ በኅዳጉ ላይ ምንም አስተያየት አልጻፈም፤ አንዲት መስመር ብቻ ነው፦ «ግልባጭ፦ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት»። መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ከዚያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩን ፈልግልኝ ብለው «በመሆኑም» የሚለውን ቃል 87 ጊዜ፣ «አስመልክቶ» የሚለውን 31 ጊዜ፣ «ከላይ እንደተገለጸው» የሚለውን ደግሞ 14 ጊዜ አወጣልኝ። አንድ በግ ጠባቂ ሳይቀር «በመሆኑም» ይላል። በዕድሜዬ ምክንያት የምጽፈው ነገር አላጣም ብዬ እተማመን ነበር፤ አላጣሁምም። ያላሰብኩት 34 ዓመት የሌላ ሰው ቃል ስገለብጥበት የኖርኩበት እጅ የራሱን ልማድ ይዞ መምጣቱን ነው። ቃሉን አንድ በአንድ መንቀል ከመጻፍ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሲጽፉት የሚያምር ይመስላል።

አርታኢው ሲሰናበተኝ «ወይዘሮ፣ ታሪኩ አለ፤ ሰዎቹ ግን ከቢሮ ገና አልወጡም» አለኝ።

የካቲት 4 ቀን 2016

ታላቅ እህቴ ለሕክምና ከወሎ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋለች። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ማታ ማታ የልጅ ልጄ ታነብላታለች፣ እኔ እርሳስ ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እታለም እንደ አርታኢው አታስታምምም። «እንዲህ የሚል ሰው የለም» ትላለች፣ ያልፋል። የጀበናውን ንግግር ሦስት ጊዜ ለዋውጬ ካነበብንላት በኋላ «እማ እንዲያ አልነበረም የምትለው» ብላ ራሷ ተናገረችው፦ «ነግሬሻለሁ፤ ጀበናው ከተሰበረ ከቤት አትግቢ።» እንዳለ አስገባሁት።

ከንባቡ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። ልጅቷ «ገና አልደረሰም» የሚለውን ስታነብ በዓሉን አደረገችው፤ እታለም ደግሞ «በነሐሴ የምን ገና ነው?» ብላ ጠየቀች። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ጸሐፊው በልቡ የሰማውን ድምፅ አንባቢው ላይሰማው ይችላል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ምዕራፍ ከእኔ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ወስኛለሁ፤ የተሰናከለበትን ቦታ ማስተካከል የአንባቢው ሳይሆን የእኔ ሥራ ነው።

የካቲት 26 ቀን 2016

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው፤ ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም የተመካሁበት ምዕራፍ እርሱ ነበር። በረሃቡ ጊዜ ከየገጠሩ የወጡት ሰዎች ወደ አውራ ጎዳናው ሲደርሱ የሚታይበት ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ልመና፣ እሪታና ዋይታ ጽፌ ነበር። የልጅ ልጄ ስታነብ ድምፅዋ ተሰበረ። እታለም ግን ዝም ብላ ቆይታ፣

«አንቺ፣ ማን ነው የጮኸው?» አለችኝ። «አንድም ሰው አልጮኸም እኮ። ቢጮሁማ መች እንፈራቸው ነበር። መጥተው ይቀመጣሉ፣ በቃ። አንዷ ምጣድ ተሸክማ መጥታ ነበር፣ ትዝ አይልሽም? ምጣዱን ከጎኗ አቁማ ወደ መንገዱ ዞራ ተቀመጠች። እማ ምን ልትጋግርበት ነው ብላ አለቀሰች።»

ትዝ አለኝ። ምጣዱ ትዝ ያለኝ እርሷ ከተናገረችው በኋላ ይሁን ድሮም ከውስጤ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እሪታውን ግን ያመጣሁት በኋላ ከተመለከትኳቸው ፊልሞችና ከሰማኋቸው ንግግሮች እንደሆነ አወቅሁ። ሦስቱን ገጽ ሰርዤ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ፤ በውስጡ አንድም ንግግር የለም። ሴትየዋ ምጣዷን ከግድግዳው ታስደግፋለች፣ ልጅቷ ሻይ ይዛላት ትወጣለች፣ ብርጭቆው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሴትየዋ በሁለት እጇ ይዛው ትቀመጣለች። ይህን ለመጻፍ 12 ቀን ፈጀብኝ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ስሕተት ተገኘ። በሰኔ 1965 አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለ ወሎ ረሃብ በሬዲዮ ሲሰማ ጽፌ ነበር። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሄጄ የዚያን ዓመት የጋዜጣ ጥራዞች ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ፤ መንግሥት ረሃቡን ሸሽጎት ነበርና ሹፌሩ ያን ዜና የሚሰማበት ሬዲዮ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ ለእይታ ያቀረቡት በዚያው በ1965 ነው፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየው ደግሞ በጥቅምት 1966 ነው። ስለዚህ አሁን ሬዲዮው ዘፈን ይዘፍናል፣ ሹፌሩ ያየውን ለእናትየዋ በሹክሹክታ ይነግራታል። ትዕይንቱ ከቀድሞው ተሻለ፤ የተሻለው ግን በእኔ ብልሃት አይደለም።

ሚያዝያ 18 ቀን 2016

ሁለተኛው አርትዖት መጣ። አርታኢው የዲያቆን ልጅ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ትልቅ ክብ ሠርቶ «ረቡዕ ቀን ወተት? ጾም አይደለም እንዴ?» ብሏል። ክርስቲያኗ እናት በግንቦት 15 ቀን 1965፣ ረቡዕ፣ ከሙስሊሟ ጎረቤቷ የመጣላትን ወተት ትጠጣለች። ይህን አንዱን ግን ረታሁት። በ1965 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 21 ነው፤ ግንቦት ሙሉውን በሃምሳው ውስጥ ይወድቃል፣ በሃምሳው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በስልክ ስነግረው «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ እንዳይሰሙ» አለኝ።

ሌላው ክርክራችን «ሥሙኒ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሻይ በሥሙኒ ይሸጣል፤ እርሱ የዛሬ ወጣት ሥሙኒ 25 ሳንቲም መሆኑን አያውቅምና በግርጌ ማስታወሻ ይብራራ ይላል። እንቢ አልኩ። ሻይ ቤት ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ አይቀመጥም፤ ያላወቀ እናቱን ይጠይቅ። በዚህ ሳልስማማ ቀረሁ፤ ሥሙኒው ሳይብራራ ገጽ 41 ላይ ቆሟል።

ሰኔ 3 ቀን 2016

ይህ ወር የፊደል ወር ነው። ታይፒስት ነኝና በዚህ ማንም አያርመኝም ብዬ ነበር። «ኃይል» የሚለው ቃል በአንድ ረቂቅ ውስጥ «ሀይል»፣ «ሃይል»፣ «ኃይል» እና «ኀይል» ተብሎ በአራት ዓይነት ተጽፎ ተገኘ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤት የአለቃውን ረቂቅ እንደ አጻጻፉ መገልበጥ ግዴታችን ስለነበር፣ አለቃ በተለዋወጠ ቁጥር የእኔም ሆሄ አብሮ ይለዋወጥ ነበር። አሁን «ሥራ»፣ «ዓለም»፣ «ዕለት»፣ «ኀዘን»፣ «ፀሐይ»፣ «ጸሎት» የሚሉትን 60 ያህል ቃላት በካርቶን ላይ ጽፌ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌያለሁ። አንድ ቃል በፍለጋ አውጥቶ ማቃናት ከ10 ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ በጅምላ መለወጥ ደግሞ አደገኛ ነው። «ሰራ»ን በሙሉ «ሠራ» በል ብለው ኮምፒውተሩ «ተሰራጨ»ንም ይዞ «ተሠራጨ» አደረገብኝ።

ሰልችቶኝ «በዚህ ዕድሜ ምን አስጀመረኝ» ስል አርታኢው ሀዲስ ዓለማየሁን ጠቀሰልኝ፤ በ1902 ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958፣ ከ50 ዓመታቸው በኋላ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ክቡርነታቸው አምባሳደር ነበሩ፣ የሚታይፕላቸውም ሰው አላጡም።

ሐምሌ 9 ቀን 2016

ከአንድ ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ተቀበልኩ። 1,000 ቅጂ፣ ኤ5 መጠን፣ የውስጡ ወረቀት ባለ 70 ግራም፣ በሙጫ የተጠረዘ፣ አንዱ ቅጂ 148 ብር፤ ዋጋው የሚጸናው ለ15 ቀን ብቻ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረና ሥራው ከተመረጠ ማሳተሙ የድርጅቱ ጣጣ ነበር፤ ዛሬ እንደ እኔ ያለ ስም የሌለው ጀማሪ ራሱ ከፋይ፣ ራሱ አሳታሚ ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ ላንብበው ብዬ ፊርማዬን አዘገየሁ።

ነሐሴ 2 ቀን 2016

ማዘግየቴ ዋጋ አስከፈለኝ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ፕሌቱም ከውጭ ነው የሚገባው። ወደ ማተሚያ ቤቱ ስሄድ ልጁ አሮጌውን ፕሮፎርማ እንኳ አላነበበውም። «ማዘር፣ ይሄ ያለፈ ዓመት ጋዜጣ ማለት ነው» አለኝ። አዲሱ ዋጋ ለ1,000 ቅጂ በነፍስ ወከፍ 214 ብር ነው። በ148,000 ፈንታ 214,000 ማለት ነው።

መስከረም 30 ቀን 2017

ከልጄ ጋር ግማሽ በግማሽ የገባንበት እቁብ ወጣልን፤ 120,000 ብር። ልጄ ድርሻዋን በብድር ሰጠችኝ። ለቤቱ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት 60,000 ተጨመረበት። ቆርቆሮው አንድ ክረምት ይችላል። ቅጂውን ወደ 700 ዝቅ ሳደርገው የአንዱ ዋጋ ወደ 236 ከፍ አለ፤ በድምሩ 165,200 ብር ነው። የሚተርፈው 14,800 ለሽፋን ሠሪውና ለመጓጓዣ ይሆናል።

ጥቅምት 14 ቀን 2017

አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ለማውጣት ወደ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ቅጽ ሞላሁ፤ በ978 የሚጀምረው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ተሰጠኝ። ቅጹ ላይ «የደራሲው ሙያ» የሚል ቦታ ነበረበት። ብዙ ቆሜ «ታይፒስት (በጡረታ)» ብዬ ጻፍኩ።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ንም አነበብኩት። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ዛሬ 15 ዓመቷ የሆነው የልጅ ልጄ መብቱ ሲያበቃ ከእኔ ከአሁኑ ዕድሜ ማለፏ አይቀርም፤ ይህን ስነግራት «እስከዚያ ስንት ይሸጣል?» ብላ ሒሳብ ጀመረች።

ጥቅምት 28 ቀን 2017

ገጽ ቅንብሩ አልቆ 259 ገጽ መጣ። ማተሚያ ቤቱ አንዱን ትልቅ ወረቀት አትሞ ሲያጥፈው 16 ገጽ ይሆናል፤ 16 ጊዜ 16 ደግሞ 256 ነው። ለተረፉት ሦስት ገጾች ሌላ ሙሉ ወረቀት ማተም ይኖርብኛል፣ 13ቱም ገጽ ባዶ ይሆናል። የፊደሉን መጠን ማሳነስ ይቻላል አሉኝ፤ የእኔ እኩዮች በመነጽር የሚያነቡት መጽሐፍ ስለሆነ አልፈቀድኩም። ሦስት ገጽ ከየት ይውጣ?

ሁለት ቀን ፈለግሁ። በመጨረሻ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆረጥኩት። ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ ወደ መርሳ ተመልሳ ሻይ ቤቷ የነበረችበትን ቦታ ስታይ የሚያበቃው ክፍል ሦስት ገጽ ከጥቂት መስመር ነበር። አርታኢው ከጥር ጀምሮ «ይህ ምዕራፍ ምን ይሠራል?» ሲለኝ አልሰማሁትም። ለወረቀት ቁጠባ ስል ያደረግሁትን ለጥበብ ስል አደረግሁት ብዬ አልዋሽም።

ኅዳር 20 ቀን 2017

መጽሐፉ በሁለት ላዳ ታክሲ ተጭኖ መጣ። የመጀመሪያውን ቅጂ ስከፍተው የሸተተኝ ቀለሙና ሙጫው ነው። ስሜን በሽፋኑ ላይ ሳይ እንደማለቅስ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀስኩም፣ የሆሄ ስሕተት ነበር የምፈልገው።

ስሕተቱ ሌላ ቦታ ተገኘ። የልጅ ልጄ ሦስተኛውን ቅጂ ስታገላብጥ ከገጽ 112 ቀጥሎ ገጽ 97 ተመልሶ መጣ፤ ከ113 እስከ 128 ያለው በሙሉ የለም። ሲጠርዙ አንዱን እጥፋት ሁለት ጊዜ አስገብተው ቀጣዩን ዘልለውታል። የጠፋው ደግሞ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው፤ ባለ ምጣዷ ሴት። 700ውን ቅጂ ወለል ላይ ደርድረን፣ ሦስታችን ለሁለት ቀን፣ እያንዳንዱን ከገጽ 112 ላይ እየከፈትን መረመርን። 38 ተበላሽቶ አገኘን። ማተሚያ ቤቱ ሳይከራከር ለወጠልን። ልጁ «ማዘር፣ ሁሉንም ከፍቶ የቆጠረ ደራሲ አይቼ አላውቅም» አለኝ። የወጪ ደብዳቤ ገጹ ሳይቆጠር አይታሸግም።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

የሽፋኑ ዋጋ 500 ብር ነው። አከፋፋዩ 35 በመቶ ቆርጦ፣ ሲሸጥ የሚከፍል ሆኖ 300 ቅጂ ወሰደ። ከእያንዳንዱ 325 ብር ለእኔ ይቀራል፤ መቼ እንደሚገባ ግን አላውቅም።

ከዚህ ይልቅ ያስተማረኝ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ያገኘሁት መጽሐፍ አዟሪ ነው። 30 ያህል መጽሐፍ በግራ ክንዱ ላይ ደርድሮ፣ ጀርባቸውን ወደ ሰው አዙሮ ካፌ ለካፌ ይዞራል። የእኔን ሰጠሁት። አልከፈተውም፤ በእጁ መዘነው። «እናቴ፣ ክብደቱ ጥሩ ነው» አለና ክንዱ ላይ ካሉት መካከል ሰክቶ ሁለት እርምጃ ራቅ አለ። «አሁን ስሙን ያንብቡልኝ።» ማንበብ አልቻልኩም። ሽፋን ሠሪው ጀርባውን ቡና ዓይነት አድርጎ ርዕሱን በቀጭን ጥቁር ፊደል ጽፎታል። ጠረጴዛ ላይ ያምራል፤ ክንድ ላይ ሲሆን ግን የለም። «ሰው ካፌ ተቀምጦ ዓይኑን አንድ ጊዜ ነው የሚወረውረው» አለኝ። ሽፋኑን ከማሠራቴ በፊት ይህን ልጅ አንድ ሻይ ጋብዤ ቢሆን ኖሮ! አሥር ቅጂ ግን ወሰደ፤ ለራሱ ሲል በየጀርባው ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ ርዕሱን በማርከር ጽፎበታል።

የካቲት 8 ቀን 2017

ምረቃው ተደረገ። አዳራሹ ግማሽ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ የእድሬ ሰው፣ ሩቡ የቀድሞ ባልደረቦቼ ናቸው። እታለም ከወሎ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ሰባተኛው ምዕራፍ ሲነበብ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ሲያልቅ ጎንበስ ብላ «ምጣዱ ጥቁር ነበር፣ አላልሽም» አለችኝ። በዕለቱ 64 ቅጂ ተሸጠ።

መጋቢት 19 ቀን 2017

እስከ ዛሬ በእኔ እጅም በአከፋፋዩም የተሸጠው 391 ነው። የልጄ ብድር ተመልሷል፤ ቆርቆሮው ይቀራል።

ዛሬ ጠዋት አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ደወሉ። በ1960ዎቹ በዚያ መንገድ የጭነት መኪና ይነዱ እንደነበር፣ መጽሐፉን ልጃቸው ገዝቶላቸው በአራት ቀን እንደጨረሱት ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው። «የደወልኩት ለምስጋና አይደለም የኔ እመቤት» አሉ፤ «ገጽ 41 ላይ ሻይ በሥሙኒ ብለሻል። በሥሙኒማ ሻይ ከነዳቦው ነበር፤ ባዶ ሻይ አሥር ሳንቲም ነው። መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ፣ ሁሉም ዘንድ ያው ነበር።» አርታኢው ሥሙኒ ይብራራ ሲለኝ ስለ ቃሉ ተከራከርኩ እንጂ ዋጋው ትክክል ይሁን አይሁን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። እታለም ዘንድ ደወልኩ። «አሥር ሳንቲም ነው እንጂ» አለች፤ «ምነው፣ ሥሙኒ ብለሽ ጽፈሽ ነበር እንዴ? ልጅቷ ስታነብ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

በራሴ ቅጂ ኅዳግ ላይ፣ ለሁለተኛው ዕትም በያዝኩት ዝርዝር ውስጥ፣ የሚከተለውን በእርሳስ አስፍሬያለሁ፦ የመጽሐፉ ጀርባ በነጭ ወፍራም ፊደል ይጻፍ። ገጽ 118፣ «ምጣዷን» ከሚለው በፊት «ጥቁሯን» ይግባ። ገጽ 41፣ «ሥሙኒ» ይውጣ፣ «አሥር ሳንቲም» ይግባ።